የተዘለለው ዙር

አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልነግራችሁም። ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስሜን ግን ተወው ብለውኛል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚጠራቸው እትዬ እንበላቸው።

እትዬ ኪሮሽ ይሠራሉ። ወንዶች፣ ኪሮሽ ምንድን ነው እንዳትሉኝ። ቤታችሁ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ስትነሡ ጀርባችሁ ላይ ተለጥፎ እስከ በር የሚከተላችሁ ነጭ ዳንቴል እሱ ነው። እትዬ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የውሃው ጆግ ለብሷል። ሟቹ ባለቤታቸው፣ “አንድ ቦታ ብዙ ከቆየሁ እኔንም ታለብሰኛለች” ይሉ ነበር አሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ እህቶች ይሰበሰባሉ። ይጸልያሉ፣ ከዚያ ፌስታላቸውን ከፍተው ክርና ኪሮሻቸውን ያወጣሉ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሏል። በጨርቁ ላይ ከላይ እስከ ታች የአበባ ናሙናዎች ተሰፍተዋል። ከላይ ያለችው አምስት ቅጠል ያላት ትንሽ አበባ ናት፤ ኪሮሽ ይዛ የማታውቅ ሴት እንኳ በአንድ ከሰዓት ትጨርሳታለች። ከሥሯ ያለችው ትንሽ ትከብዳለች፣ ከዚያ በታች ያለችው ደግሞ የባሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።

ትምህርቱ በወረቀት አይደለም። መሥራት የፈለገች ሴት ናሙናዋን ከጨርቁ ፈትታ ቤቷ ትወስዳለች። ቀዳዳውን አንድ በአንድ ትቆጥራለች፣ ያየችውን ትሠራለች፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ናሙናዋን መልሳ ትሰፋለች። ደንቡ ይኸው ነው፤ ናሙናዋ ትክክል ናት ብሎ ማመን ነው።

ከጨርቁ መጨረሻ ያለችው አበባ “የእትዬ አበባ” ትባላለች። ቅጠሏ ሁለት ድርብ ነው። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጧት ዝርግ ብላ ትተኛለች። በከተማው ሰርግ ያላት ሙሽራ ሁሉ የምትመኛት አበባ ናት።

እንግዲህ ስሙኝ። ይህን ባለቤቴ ናት ያስረዳችኝ፤ ሦስት ጊዜ አርማኛለች። የዚያች አበባ ምስጢር ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። መሐሏን ከሠራችሁ በኋላ፣ በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ቀዳዳ ክሩን ሁለት ሁለት ጊዜ ታስገባላችሁ። ያኔ ክቡ ይሰፋል፣ ቅጠሎቹም ቦታ ያገኛሉ። ይህን ዙር ከዘለላችሁት ግን ቅጠሎቹ ይጋፋሉ፣ አበባዋም እንደ ጎድጓዳ ሳህን ትጎብጣለች።

እትዬ ጨርቁ ላይ የሰፏት ናሙና ይህ ዙር አልነበራትም።

ታዲያ እንዴት ጨርቁ ላይ ዝርግ አለች? እናቶች ገብቷችኋል፤ እየሳቃችሁ ነው። ዳንቴል እንዲቆም በስኳር ውሃ ተነክሮ፣ ተወጥሮ ይደርቃል አይደል? እትዬም ናሙናዋን በስኳር ውሃ ነከሩ፣ በስፒል ወጠሩ፣ አደረቁ፣ ሰፉ። ጨርቁ ላይ ያሉት ናሙናዎች ሁሉ በስኳር የደረቁ ስለሆኑ ማንም አልጠረጠረም።

ዋሹ እንዴ? አንድም የሐሰት ቃል አልተናገሩም። አንድ ዙር ብቻ ዘለሉ።

ለምን? እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ምን አሉኝ መሰላችሁ? “ፓስተር፣ ባሌ ሞተ፣ ልጆቼ አደጉ። አዳራሽ ስገባ ተነሥተው ወንበር የሚለቁልኝ በዚያች አበባ ነበር። ሁሉም ከሠራት እኔ ምን ልሆን ነው?”

አትፍረዱባቸው። እኔ ለመፍረድ ፈልጌ አልቻልኩም።

በዚያ ኅብረት ውስጥ ብዙነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ብዙነሽ ከሦስተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቋረጠችው። ከልጅነቷ ጀምሮ “አንቺ አይገባሽም” እየተባለች ነው ያደገችው። አዳራሹ በመጣች ጊዜ ከጨርቁ አናት ጀመረች። የመጀመሪያዋን አበባ ሠራች፣ ሆነላት። ሁለተኛዋንም፣ ሦስተኛዋንም ሠራች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ የታዘዛት ነገር ያ ነበር። ቤቷ ስትሄድ ለልጇ እያሳየች፣ “እይ፣ እኔ ነኝ የሠራኋት” ትላት ነበር።

ከዚያ የመጨረሻዋ ላይ ደረሰች። ናሙናዋን ፈትታ ወሰደች፣ ቆጠረች፣ ሠራች። ጎበጠች። ተረተረች። እንደገና ሠራች፣ እንደገና ጎበጠች። አሥራ አንድ ጊዜ! ክሩ በመተርተር ብዛት ፀጉር አወጣ። በመጨረሻ የጎበጠችውን አበባ ይዛ እትዬ ፊት ቆመች።

“እትዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?”

እትዬ አበባዋን አገላበጡ። ጥፋቱን ከማንም በላይ ያውቁታል። ምን አሉ? “እጅሽ ነው ልጄ። እጅሽ ክር ይስባል፣ ያጠብቀዋል። አንዳንድ ሰው ተፈጥሮው ነው።”

ብዙነሽ ኪሮሿን በጋዜጣ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ሐሙስ መምጣቷን አልተወችም፤ ግን ከዚያ በኋላ ከሴቶቹ ጋር አልተቀመጠችም። አግዳሚ ወንበሩን ትደረድራለች፣ ሲጨርሱ የወዳደቀውን ክር ትጠርጋለች። ልጇ አድጋ ኪሮሽ ልማር ብትላት፣ “ተይው፣ እኛ ቤት እጅ የለም” አለቻት። ይህ ሁሉ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር የወጣ ነው። ሰባት ዓመት!

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ አልነግራችሁም ነበር።

እትዬ አንዲት የመጨረሻ ልጅ አላቸው፤ ፌበን ትባላለች። ፌበን ልታገባ ሆነ። እናትየው የአልጋ ልብስ ጀመሩላት፤ ከዳር እስከ ዳር በዚያችው አበባ፣ መቶ ሃያ አበባ። በትክክለኛው አሠራር ማለቴ ነው፤ ለራሳቸውማ ዙር አይዘሉም። ሰማንያ አራት አድርሰው ቀዳዳው ይደበዝዝባቸው ጀመር። መብራቱ ነው አሉ፣ መነጽሩ ነው አሉ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የዓይን ግፊት ሆኖ ተገኘ። ቆይቷል፣ የጠፋው አይመለስም ተባሉ።

ሠላሳ ስድስት አበባ ቀረ። ሰርጉ ደግሞ ቀርቧል። እትዬ ሥራውን ጠቅልለው አልጋ ሥር ከተቱት። ፌበን፣ “እማዬ፣ ከገበያ እንገዛለን፣ ምን አስጨነቀሽ?” ብትላቸው ፊታቸውን አዞሩ። እናቶች ታውቁታላችሁ። የመጨረሻ ልጅ ናት፣ የእናቷን እጅ ሥራ ሳትይዝ ልትወጣ ነው።

ፌበን እህቶች ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው። አሥራ ሁለት ነበሩ። “እኛ እያለንማ!” አሉና ለየሰው ሦስት ሦስት ተካፈሉ። እትዬ እንዳይሰሙ ተማማሉ። አበባዋን እንዴት እንደሚሠሩ ናሙናው ጨርቁ ላይ አለ አይደል? በተራ እየፈቱ ቆጠሩ፣ ጻፉ፣ የየቤታቸው ገቡ።

ገባችሁ አይደል? ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ገባችሁ።

ሁሉም ጎበጠ። ግን አሥራ ሁለቱም ሴቶች በየቤታቸው ናቸው፤ አንዷ የሌላዋን አላየችም። እያንዳንዷ “የእኔ እጅ ነው” አለች። እያንዳንዷ አፈረች። እያንዳንዷም ሰው ሳያያት ስኳር በጥብጣ፣ ነክራ፣ ወጥራ አደረቀችው። ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ ቢደርቅ ምን አለበት፤ ይህ ግን ሰው የሚተኛበት የአልጋ ልብስ ነው! ሙሽሮቹን ጉንዳን ይዟቸው ይሄድ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ፌበን እናቷን እጃቸውን ይዛ አዳራሹ አመጣቻቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። የኅብረቱ ሰብሳቢ ዘነበች፣ “እትዬ፣ አበባዎን ጨርሰንልዎታል” ብላ ሠላሳ ስድስቱንም ጭናቸው ላይ አፈሰሰችላቸው።

እትዬ መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ አንዷን አንሥተው በጣታቸው ዳበሷት። ሌላዋን አነሡ፣ ሦስተኛዋን አነሡ።

“ምነው ደረቀብኝ?” አሉ።

ዘነበች አንገቷን ደፋች። “የእኔ ይሆናል እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጄ ክር ስለሚስብ ትንሽ ስኳር ነክቼዋለሁ።”

“የእኔም ነው” አለች ከአጠገቧ ያለችው።

“አንቺም? እኔም’ኮ...”

አሥራ ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ሣቀች፣ ሁሉም ሣቁ። “ለካ ሁላችንም ክር ሳቢ ነን!” ተባባሉ።

እትዬ አልሣቁም።

ወገኖቼ፣ እስቲ እዚህች ቦታ ላይ ቁሙልኝ። እኚህ እናት ምን ምርጫ ነበራቸው? “አይዟችሁ፣ ደህና ነው” ብለው ይዘው መሄድ ይችሉ ነበር። ማንም አያውቅም። ዓይናቸው ስለጠፋ፣ አበባዋ ከእሳቸው ጋር ትቀበር ነበር። ስማቸው ግን ይተርፋል፤ “የእትዬን እጅ ማንም አልደረሰበትም” ይባላል። ሰው ሲሞት የሚመኘው ይህን አይደለም እንዴ?

እትዬ፣ “ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አምጡልኝ” አሉ።

መጣ። ከጭናቸው አንዷን አበባ አንሥተው ውሃው ውስጥ ከተቷት። ስኳሩ ሲሟሟ አበባዋ ለሰለሰች፣ ቅጠሎቿን ሰበሰበች፣ ጎበጠች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

“አሁን ከጨርቁ ላይ የመጨረሻዋን ፍቱልኝ” አሉ።

ዘነበች ናሙናዋን ፈታች። እትዬ ተቀብለው እሷንም ሳፋው ውስጥ ከተቱ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ግድግዳው ላይ ተዘርግታ የኖረች አበባ፣ ሁሉም ዓይን እያየ፣ እንደ ሌላዋ ጎበጠች።

“ይቺ የማን እጅ ናት?” አሉ እትዬ።

ሴቶቹ ወደ ዘነበች ዞሩ።

“ዘነበች፣ የማን እጅ ናት?”

“የእርስዎ ናት እትዬ።”

“እኔ ክር እስባለሁ?”

“ኧረ እርስዎማ አይስቡም።”

“እናንተም አትስቡም። ዙር ዘልዬባችኋለሁ። ሁለተኛውን ዙር። ሳላውቅ እንዳይመስላችሁ፤ አውቄ ነው።”

እትዬ በማያየው ዓይናቸው ወደ በሩ ዞሩ። “ብዙነሽ አለች?”

ብዙነሽ ከበሩ አጠገብ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች። ለአሥራ ሁለቱ ሲከፋፈል እሷን ማንም አልቆጠራትም ነበር። እሷ ግን ሰምታ፣ ቤቷ ገብታ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ያን ጋዜጣ ፈትታለች። ከሽርጧ ኪስ አንዲት አበባ አወጣች። ስኳር አልነካትም።

“እኔም አንድ ሠርቼ ነበር” አለች። “ጎብጣለች። እጄን ስለማውቀው ስኳር አላባከንኩም። ልሰጥዎትም አፈርኩ።”

“ነይ ወደ እኔ።”

መጣች። እትዬ እጇን ፈልገው ያዙት። “ብዙነሽ፣ እጅሽ ደህና ነው። ያኔም ደህና ነበር። ይቅር በይኝ።”

እንግዲህ እናንተ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልተቃቀፉም።

ብዙነሽ እጇን አስለቀቀች። “እትዬ፣ ሰባት ዓመት እኮ ነው!” አለች። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ወጣች።

እትዬ ሰባት ዓመትን በምን ይመልሱታል? የሚችሉትን ብቻ አደረጉ። አበባዎቹ ሁሉ ስኳራቸው እንዲለቅ ታጠቡ፣ ተተረተሩ። እትዬ መሐል ተቀምጠው፣ እያንዳንዷን ሥራ በጣታቸው እየዳበሱ፣ ጮክ ብለው ያስቆጥሯቸው ጀመር፦ “ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት...” ለአሥራ አራት ዓመት ያልተነገረው ዙር ያን ከሰዓት እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማ።

ብዙነሽ በሚቀጥለውም ሐሙስ አልመጣችም።

ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በፊት፣ የእትዬ በር ተንኳኳ። ብዙነሽ ናት። ልጇን ይዛ መጥታለች። ገባች፣ ተቀመጠች፣ አንዲት አበባ አውጥታ እትዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። ዙሩን ዘነበች ቤቷ ድረስ ሄዳ አሳይታት ነበር። እትዬ በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱባት። ዝርግ ናት። ስኳርም የለባት። እንባቸው ወረደ።

ብዙነሽ ምን አለች? “አሁን ማልቀሱን ይተዉትና ተጨማሪ ክር ይስጡኝ። አራት ቀን ነው ያለን። ለልጄም ይስጧት።”

ወገኖቼ፣ እኔ ብዙ የይቅርታ ስብከት ሰብኬአለሁ። እንደዚህች “ለልጄም ይስጧት” የምትል ቃል ያለ ስብከት ግን ሰብኬ አላውቅም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከእኔ ልጀምር።

አንድ ወንድም ነበር፤ መስበክ ይፈልግ ነበር። “ፓስተር፣ እንዴት ነው የምታዘጋጀው?” ብሎ ጠየቀኝ። “ተንበርከክ፣ ይሰጥሃል” አልኩት። እውነት ነው፣ እንበረከካለሁ። ግን ከተነሣሁ በኋላ ሦስት ቀን እንደምጽፍ፣ እንደምሰርዝ፣ ባለቤቴን አስቀምጬ ጮክ ብዬ እንደምለማመድ አልነገርኩትም። ከሰማይ በቀጥታ የሚወርድልኝ ቢመስለው ደስ ይለኝ ነበር። እሱም ተንበርክኮ መጣ፣ እዚህ ቆመ፣ ቃል ጠፋው፣ ላብ አሰጠመው። “እኔ አልተጠራሁም” ብሎ ተወው። ስድስት ዓመት ሆነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን መምጣቱንም ቀንሷል። ይህን ታሪክ ለዛሬ ሳዘጋጅ እሱ ትዝ አለኝ። ትናንት ደወልኩለት። አላነሣም። ዛሬም እደውላለሁ።

እናንተስ? የዘለላችሁት ዙር የቱ ነው?

አንተ መካኒክ፣ ረዳትህ ሞተሩን ሲፈታ ዞር የምትለው ለምንድን ነው? አንቺ ቢሮ ያለሽ እህት፣ አዲሷ ሠራተኛ ስትሳሳት እያየሽ ዝም ያልሽው እውነት ሥራ በዝቶብሽ ነው? አንቺ እናት፣ ምራትሽ ወጥ ሲበላሽባት “ሙያ የላትም” ብለሽ ለጎረቤት የምታወሪው፣ አንድ ነገር ሳትነግሪያት ቀርተሽ አይደለም? እናንተ ትዳራችሁ ያማረ፣ ያን ክፉ ዘመን እንዴት እንዳለፋችሁት፣ ማን እንዳስታረቃችሁ፣ ስንት ቀን ተኳርፋችሁ እንደከረማችሁ ለእነዚህ አዲስ ተጋቢዎች ነግራችኋል? ወይስ በስኳር አድርቃችሁ፣ ወጥራችሁ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁላቸዋል? እነሱ እኮ እናንተን አይተው እየቆጠሩ ነው። ሲጎብጥባቸው “የእኛ ትዳር አይረባም” ይላሉ።

የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የሚያስተምረን ሰው ዙር ሲዘልብን፣ ዘሎብናል አንልም፤ እጄ ነው እንላለን። ከዚያም ለልጃችን “እኛ ቤት እጅ የለም” እንላለን።

ዛሬ እዚህ ከበሩ አጠገብ መጥረጊያ ይዛችሁ የቆማችሁም አላችሁ። አንድ የምታከብሩት ሰው አንድ ቀን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግሯችሁ፣ የምትወዱትን ነገር በጋዜጣ ጠቅልላችሁ መሳቢያ የከተታችሁ። ለእናንተ የምለው ይህን ነው፤ ቤት ስትደርሱ ጋዜጣውን ፍቱት። የሠራችሁ ጌታ ዙር አይዘልም።

ያ የአልጋ ልብስ አለቀ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለቀ። የሰርጉ ለት ጠዋት የመጨረሻዋን አበባ የሰፋችው የብዙነሽ ልጅ ናት። ሐሙስ ከሰዓት በዚያ አዳራሽ በኩል ብታልፉ ደግሞ፣ ጀማሪዎቹን የምታስቆጥረውን የብዙነሽን ድምፅ ከውጭ ትሰማላችሁ። እትዬ ከጎኗ ተቀምጠው ይሰማሉ። ወንበር ዛሬም ይለቀቅላቸዋል።

እናንተም ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ያን ሰው ፈልጉት። ዓይናችሁ እያየ፣ እጃችሁ እየሠራ ፈልጉት። “እጅህ ደህና ነበር፣ ዙር የዘለልኩት እኔ ነኝ” በሉት። “ሰባት ዓመት እኮ ነው” ብሎ ጥሏችሁ ቢወጣ፣ አትከራከሩት፤ እውነቱን ነው። ክሩን አዘጋጅታችሁ ጠብቁት። ተመልሶ ሊያንኳኳ ይችላል።